ዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው፦ ስለ ካፋና ሸካ ደን ጉዞ ለጠየቃችሁን

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ ስለ ደቡብ ምዕራብ ደን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዙብናል። የዚህ ወሮቹ አብዛኞቹ የመጡት ከመሐል አዲስ አበባ፣ ዓመት ፈቃዳቸውን ቆጥበው ከያዙ ሠራተኞች ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዋጋ አልጻፍንም፤ የነዳጅም የአልጋም የአስጎብኚም ዋጋ መጽሔቱ ከማተሚያ ቤት እስኪወጣ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ የአምስት ቀን ፈቃድ አለኝ። ከባለቤቴ ጋር ዝናባማ ደን ማየት፣ የአካባቢውን ሰው አኗኗርም ማወቅ እንፈልጋለን። አንዱ ካፋ ሂዱ ይለናል፣ ሌላው ሐረና። የቱ ይሻለናል?
ሰ. መ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አምስት ቀን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ሐረና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መልክዓ ምድር የሚወድ ሰው እሱን ይምረጥ። ከጎባ ተነስቶ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴ አምባ አቋርጦ፣ በአንድ ጠዋት ከውርጭ ወደ አስታ፣ ቀጥሎም ወደ ቀርከሃና ጥቅጥቅ ደን የሚወርድ መንገድ በአገራችን እምብዛም አይገኝም። ግን ከአምስቱ ቀን ሁለቱን መንገዱ፣ አንዱን ሰነቴ ይወስዱታል። ለደኑና ለሰዉ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

እርስዎ የጠየቁት ስለ ሰዉም ስለሆነ ካፋን እንመርጥልዎታለን። የካፋ ባዮስፌር፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ክልል፣ ከ7 መቶ 60 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሆን በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. ነው። ጎረቤቱ ሸካ በ2004 ዓ.ም. ተከትሎታል። እዚህ ላይ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ባዮስፌር ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ በር የለውም፣ ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት የለውም። የካፋ ዋና ከተማ ቦንጋ ደርሶ «ደኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያገኝም፤ ከተማዋ ራሷ ያለችው በደኑ መካከል ነውና። ባዮስፌሩ በሦስት ቀጠና ተከፍሏል። በማዕከሉ ያለው እንዳይነካ የተጠበቀ ደን ነው። ዙሪያውን ባለው መከላከያ ቀጠና ገበሬው ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል፣ ኮሮሪማ ይሰበስባል። በውጪው ደግሞ መንደር፣ እርሻና ከተማ አለ። ጎብኚ የሚንቀሳቀሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው፤ ወደ መጀመሪያው የሚገባው ፈቃድና አስጎብኚ ይዞ ብቻ ነው።

ወሩን ደህና መርጠዋል፤ ከተቻለ ግን ወደ ኅዳር መጨረሻ ይግፉት። በካፋ ዝናብ ሙሉ በሙሉ የሚያቆምበት ወር የለም። የሚቀንሰው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የጫካ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ የጠራ መንገድንና ለቀማን አንድ ላይ የሚያገኙት በዚህ ጊዜ ነው። የቡና አበባ ማየት የሚፈልግ ሰው የበልጉን የመጀመሪያ ዝናብ ይጠብቅ። አበባው ዝናቡ ከወረደ ሳምንት አካባቢ ቆይቶ ይፈካል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል። ቀን ቆርጦ መሄድ የማይቻልበት ነገር ነውና በእሱ ተስፋ ብቻ ፈቃድ አይጠይቁ። በዓል ከወደዱ የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ በመስከረም ይከበራል። ያኔ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ አልጋም ቀድሞ መያዝ አለበት።

አምስቱን ቀን ረቡዕ ይጀምሯቸው። ዓርብ ማታ ቦንጋ የሚገባ ቅዳሜ ዝግ ቢሮ ፊት ይቆማል፤ የባዮስፌሩ ጽሕፈት ቤትም የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያም የሚሠሩት በሥራ ቀን ነው። ረቡዕ ለመንገድ ይሁን። ሐሙስ ጠዋት ፈቃዱንና አስጎብኚውን ጨርሰው ከሰዓት በኋላ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የወሽወሽ ሻይ ልማት ይዩ። ዓርብን ሙሉ ለማንኪራ ይስጡት። የአካባቢው ሰው የቡና መገኛ የሚለው ደን ይህ ነው፤ ጥሩ የእግር ጉዞ አለውና ስንቅ ይያዙ። ቅዳሜ የእግዚአብሔር ድልድይ የተባለውን ተፈጥሮ የሠራችውን የድንጋይ ድልድይና የባርታ ፏፏቴን፣ እሁድ መመለስ። ቦንጋ ያለውን የቡና ሙዚየም ካሰቡ ክፍት መሆኑን ሐሙስ ቢሮ ሲገቡ ይጠይቁ። ሚዛንን፣ ቴፒን፣ ማሻንና ጎሬን ጨምሮ ዞሮ መምጣት ከስምንት ቀን በታች መኪና ውስጥ መዋል ነው።

ጥያቄ፦ ያለችኝ ቪትዝ ናት። በእሷ ቦንጋ እደርሳለሁ? ወይስ በአውቶቡስ ይሻለኛል?
ተ. ገ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ቦንጋ ድረስ አስፋልት ስለሆነ ትደርሳለች። ከቦንጋ ወደ ደን መንደሮች ግን አይውጡባት። ቀዩ አፈር ደረቅ ሲሆን መንገድ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ዝናብ ከመታው ግን ጎማ አይቆነጥጥም። ዝቅተኛ መኪና ደግሞ ሆዷ በጎማ ቦይ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ይቀመጣል። መኪናዋን ያደሩበት ግቢ ትተው ለአንድ ቀን ባለ አራት ጎማ ድራይቭ ወይም ሞተር ሳይክል ከነሾፌሩ ይከራዩ።

ከከተማ በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ ሲወጡ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር፣ ጅማ 350፣ ቦንጋ 460 ገደማ ነው። የሚያስቸግረው የጊቤ በረሃ ቁልቁለት ነው። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ሰዎች ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሽታ ይሸታቸዋል። የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ ይለሰልሳል፣ አይዝም። ሽቅቡን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁሉንም ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ይለውጡ። ሽታው ከመጣ በኋላ ጎማው ላይ ውሃ አይድፉ፣ ቆመው ያቀዝቅዙት። ነዳጅ ጅማ ላይ ይሙሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማደያ ቢኖርም ነዳጅ መኖሩ እርግጥ አይደለም።

አውቶቡስ የመረጠ ሰው ቲኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ይቁረጥ። በቀጥታ ቦንጋ የሚሄድ ካጣ ጅማ አድሮ ጠዋት በሚኒባስ መቀጠል ይችላል። ጅማ ድረስ አውሮፕላንም አለ፤ አረጋዊ ወላጅ ለሚወስድ ሰው ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። በየትኛውም ቢሄዱ ከጨለመ በኋላ መንገድ ላይ አይገኙ። በሚነሱበት ዋዜማ ደግሞ ቦንጋ ለሚቀበልዎ ሰው ደውለው የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። የባለፈው ወር ወሬ ለዚህ ሳምንት አይሆንም።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤት 18 ሆነን ሄደን ነበር። ከሩቅ ካየናቸው ሁለት ጉሬዛዎች በቀር ምንም እንስሳ አላየንም። አስጎብኚው አልቻለበትም ወይስ ደኑ ባዶ ሆኗል?
የአንድ ባንክ ሠራተኞች፣ ከሰንጋ ተራ

መልስ፦ ደኑ ባዶ አይደለም፤ አስጎብኚው ላይም አይፍረዱ። 18 ሰው በአንድ መስመር ሲሄድ ድምፁ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይሰማል። ለአንድ አስጎብኚ ስድስት ሰው ይበቃዋል። በጻፋችሁት መሠረት ደን የገባችሁት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ያኔ ጦጣው በልቶ ቅጠል ውስጥ ተኝቷል። ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ይጮኻል፣ መንጋው ያለበትን ራሱ ይነግራችኋል። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደኑ ዳር መቆም፣ እስከ 3 ሰዓት ተኩል መቆየት፣ ከዚያ ወጥቶ ቁርስ መብላት ነው። ማታም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሌላ ዕድል አለ።

ግንባሩ ብርቱካናማ፣ ጺሙ ነጭ የሆነውን ዴ ብራዛ የተባለ ጦጣ የሚፈልግ ሰው ወንዝ ዳር ይሂድ። ይህ ጦጣ ሰው ሲያይ አይሸሽም፤ ባለበት ደርቆ ይቀራል። የሚራመድ ሰው ሳያየው በሥሩ ያልፋል። ሃያ ደቂቃ ሳትናገሩ፣ ሳትነሱ ተቀመጡ፤ የሚንቀሳቀሰው እናንተ ከተረጋጋችሁ በኋላ ነው። አንበሳና ነብርም በካፋ ደን አሉ፤ ማየትን ግን ተስፋ አታድርጉ፣ ያየነው ዱካ ነው ብላችሁ ብትመለሱም ደስ ይበላችሁ።

ባይኖኩላር የሚገዛ ሰው 8 በ42 ይግዛ፤ 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። በ10 የሚያቀርበው ይበልጣል ብለው የሚሸጡላችሁ አሉ። በጥላ ውስጥ ግን የሚያስፈልገው ብርሃን ነው፣ 10ሩ ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር የወጣ ካሜራ ሌንሱ በእርጥበት ይሸፈናል። መጥረግ አይጠቅምም፣ ተመልሶ ይመጣል። ቦርሳው እንደተዘጋ ውጪ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ይከፈት። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣሏቸው፤ አምስት ስድስቱን ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ጨምሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት ያስይዛል። የድምፅ ማጉያ ስለመያዛችሁ የጻፋችሁትን እንዳላነበብነው እንቁጠረው።

ጥያቄ፦ ለጫካ ጉዞ ልዩ ልብስና ጫማ መግዛት ግዴታ ነው?
ሄ.፣ ከለገሃር

መልስ፦ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ጫማ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው ይሁን። መርካቶ የሚሸጠው የጎማ ቦት ለጭቃ ከሁሉም ይሻላል፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ሲሄዱበት ግን ተረከዝ ይልጣል። በወፍራም ካልሲ ላይ ካላደረጉት በቀር ለረጅም መንገድ አንመክርም። ጂንስ አይልበሱ፤ አንዴ ከረጠበ እስኪመለሱ አይደርቅም። ሱሪው ረጅም ሆኖ ጫፉ ካልሲ ውስጥ ይግባ። ምክንያቱ ጉንዳን ነው። ሰልፉን ሳያዩ የረገጡ እንደሆነ መንከስ የሚጀምረው ጉልበት ከደረሰ በኋላ ነው፣ ያኔ ሱሪ ማውለቅ ይመጣል። ሳማም አለ፣ እጅጌ ረጅም ይሁን። በነፋስ የሚገለበጥ ጃንጥላ ሳይሆን የዝናብ ልብስ ይያዙ፤ ቅያሪ ልብስ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የግንባር ባትሪ፣ ስልክ መሙያ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ከከተማ ወጣ ሲሉ ይጠፋል፤ ጥሬ ብርም በትንንሽ ኖት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ጥንታዊ ጎሳዎች እንዳሉ ሰምተናል። ባህላዊ ጭፈራና አምልኮ እንዲያሳዩን ከፍለን ማዘጋጀት ይቻላል? ፎቶ ለማንሳትስ በሰው ስንት ይከፈላል?
ብ. አ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ በመጀመሪያ «ጥንታዊ ጎሳ» የሚለውን አዲስ አበባ ትተውት ይሂዱ። ካፋ እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው መንግሥት ነው። የመጨረሻው ታቶ (ንጉሥ) ጋኪ ሸሮቾ ከአጼ ምኒልክ ጦር ጋር ወራት ከፈጀ ውጊያ በኋላ ተማርኮ ነው መንግሥቱ ያበቃው። የሚያገኙት ገበሬ የዚያ ታሪክ ልጅ ነው፤ ልጁ ቦንጋ ይማራል፣ ስልክ ይዟል፣ ቡናውንም በኅብረት ሥራ ማኅበር ይሸጣል።

ደኑም ሰው ያልነካው ዱር አይደለም፤ ዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው ማለት ይቻላል። በሸካ ደኑ ኮቦ በሚባል ድርሻ የተከፋፈለ ነው። በአንድ ኮቦ ቀፎ የመስቀል መብት የአንድ ቤተሰብ ሲሆን ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ድንበሩ ወንዝ፣ ሸንተረር ወይም ትልቅ ዛፍ ነው፤ እርስዎ አያዩትም፣ እነሱ ያውቁታል። ስለዚህ መሬት የወደቀ ቀፎ አይንኩ፣ ቀይ ቡና አይቅጠፉ፣ ኮሮሪማ አይልቀሙ፣ ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ሥር እሳት አያንድዱ። የኋለኛው ጭሱ ንቡን ያሳድዳል፣ የሰውየውንም የዓመት ገቢ ይወስዳል። አስጎብኚ ከቦንጋ ብቻ ሳይሆን ከዚያው ቀበሌ አንድ ሰው መጨመር ያለብዎ ለዚህ ነው። በብዙ ቀበሌ ደኑን በጋራ የሚጠብቁ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበራት አሉ፤ ሰውየውን ከእነሱ ይጠይቁ።

አምልኮን በተመለከተ መልሳችን አይቻልም ነው፤ ቢቻልም አይገባም። በካፋም በሸካም ጉዶ የተባሉ የተከበሩ ቦታዎች አሉ። ዛፍ አይቆረጥባቸውም፣ ቅጠል አይቀጠፍባቸውም። ደጆ የተባለው ሥርዓት ለቦታው ጠባቂ መንፈስ የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ጊዜውን የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ለጎብኚ ተብሎ ከቀኑ ውጪ የሚደረግ ከሆነ ያዩት ደጆ አይደለም። በጊዜው ከተገኙና ከተፈቀደልዎ ከኋላ ይቁሙ፣ ስልክዎን ኪስ ይክተቱ፣ ምን መርገጥ እንደሌለብዎ አስቀድመው ይጠይቁ። «አይሆንም» ከተባሉ ዋጋ ለመጨመር አይሞክሩ። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚያጣላው ከእርስዎ ጋር ሳይሆን ወጣቱን ከሽማግሌው ጋር ነው።

ጭፈራ ሌላ ነገር ነው። ሠርግ ወይም በዓል ካለ ተጋብዞ መገኘት ይቻላል፤ ስጦታ እንደ አገሩ ደንብ ምን እንደሆነ አስጎብኚውን ይጠይቁ።

በፎቶ መክፈል የደቡብ ኦሞ ልማድ ነው፤ ወደ ካፋ ይዘውት አይሂዱ። ጠይቀው ያንሱ፣ ከከለከሉ ይተዉ፣ ልጆችን ወላጅ ሳይፈቅድ አያንሱ፣ ከረሜላና ሳንቲም አይበትኑ። ገንዘብዎን ሥራ ባለበት ይክፈሉ። አንድ ቤት ገብተው ቡና ጠጥተው፣ ቆጮ በልተው፣ ከባለቤቷ ኮሮሪማ ገዝተው ቢወጡ ከሃያ ፎቶ ክፍያ ይሻላል። በሸካና በቤንች በኩል ጨሞ ይቀርብልዎታል፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ፣ ቅመምና በርበሬ ያለው፣ ትኩስ መጠጥ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል፣ ሁለተኛው ይለመዳል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ አስጎብኚዎች ሲሸሹት እናያለን። ማንጆ የሚባሉት የደኑ ቀደምት ነዋሪዎች፣ በአማርኛ አንዳንዶች መንጃ የሚሏቸው፣ በአደንና በጫካ ማር የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለረጅም ዘመን ሌላው አብሯቸው አይበላም፣ ቤታቸውም አይገባም ነበር፤ ይህ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ስለ ደኑ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ ማግኘት ከባድ ነው። ማንጆ አስጎብኚ ወይም ማር ቆራጭ እንዲያገናኝዎ በግልጽ ይጠይቁ፣ ክፍያውን በራሱ እጅ ይስጡ፣ የቀረበልዎን ከእነሱ ጋር ተቀምጠው ይብሉ። «እዚያ የሚታይ ነገር የለም» የሚል አስጎብኚ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

የሒሳብ ጠብ እንዳይመጣ አራት ነገር ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱ፦ ክፍያው በቀን ነው በሰው? የቀበሌው ሰው ክፍያ ውስጡ ነው ወይስ ለብቻ? ምሳ የማን ነው? ዝናብ ቢመልሰን ቀኑ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉኝ። ቦንጋ ደጋ ስለሆነ ወባ የለም ተባልኩ። እውነት ነው?
እናት፣ ከአምባሳደር አካባቢ

መልስ፦ አይደለም። በአገራችን የወባ መጠንቀቂያ መስመር 2 ሺህ ሜትር ነው፣ ቦንጋ ከዚያ በታች ናት። ወደ ሚዛንና ቴፒ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱም ወባውም ይጨምራል። አጎበር ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ ሆቴሉ የሚሰጠው ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌና ካልሲ፣ በተጋለጠው ቆዳ ላይ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይሁን።

የመከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝ። ሲሄዱ ግን ይህን ይወቁ፦ ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆችዎ አንድ ዓይነት መድኃኒት ላይወስዱ ይችላሉ። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ሁለት ቀን በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ቤቱ እንደገባ ያቆመዋል፣ የሚታመመውም ያኔ ነው። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጅ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያድርግ፣ ሐኪሙም የት እንደነበራችሁ ይነገረው። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል «ከሄድን ቆየን» ብለው አይተዉት።

ውሃው ይፈላ። ምንጩ ጥርት ያለ ቢመስልም ትንሽ አልቅት ከውሃው ጋር ገብታ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ላይ ትጣበቃለች፤ ልጆች በእጃቸው አፍሰው እንዳይጠጡ። በቀዩ አፈር በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው ዝሆኔ ያስፈራዎታል ብለው ጽፈዋል። እሱ የሚመጣው ለዓመታት በባዶ እግር በኖረ ሰው ላይ ነው፤ ለአራት ቀን ጎብኚ ጫማና ማታ እግር መታጠብ በቂ ነው።

የ4 ዓመቱ ልጅ ከሁለት ሰዓት በላይ ደን ውስጥ አይሄድም። ማንኪራን ለታላቁ ተዉለት፤ ታናሹ በወሽወሽ የሻይ ማሳ ይሩጥ።

ጥያቄ፦ የጅማ መንገድ ዳር ነጭ ማር ብዬ የገዛሁት ፒያሳ ስደርስ ስኳር ሆኖ ረጋ። ተታለልኩ ማለት ነው? ክብሪት ነክሮ ማየት ይበጃል ይላሉ።
መ. ወ.፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ መርጋቱ ማታለል አይደለም፤ ነጭ ማር ተፈጥሮው መርጋት ነው። የሚያጠራጥረው ወራት ቆይቶም እንደ ዘይት የሚፈሰው ነው። የካፋና የሸካ ነጭ ማር በብዛት የሚገኘው ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ነው፤ ካፎች ቡቶ ይሉታል። የሚቆረጠው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ «ትናንት የተቆረጠ ነጭ ማር» ካሏችሁ ያመጣው ሰው ወሩን አያውቅም። በጥርና በየካቲት ያለው የግራዋ ማር ነው፤ ቀላ ይላል፣ ጥቂት ይመርራል፣ ለጠጅ ግን ብዙዎች ይመርጡታል።

የክብሪቱን ፈተና ይተዉት። ክብሪቱ የሚነግርዎ እርጥበት መኖር አለመኖሩን እንጂ ስኳር መጨመሩን አይደለም። ከዚያ ይልቅ ሚዛን ይጠቀሙ። አንድ ሊትር ንጹሕ ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ጠርሙስ ሞልተው፣ የባዶውን ክብደት ቀንሰው 1.3 ኪሎና ከዚያ በታች ካገኙ ውሃ ወይም የስኳር ጭማቂ ገብቶበታል። ከዚያ ይሽቱት። ኮምጠጥ የሚል ሽታና ላዩ ላይ አረፋ ካለ መፍላት ጀምሯል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ ሲያልፍ የሚሆነው ይህ ነው፤ ሳይበስል የተቆረጠ ማር ነው ማለት ነው። የሚሻለው ከነሰፈፉ መግዛትና ቤት ማጥለል ነው፤ በሰፈፍ ማታለል አድካሚ ነውና።

ዕቃውን ከአዲስ አበባ ይዘው ይሂዱ፦ ሰፊ አፍ ያለው፣ ለምግብ የተሠራ ባልዲ። የቀለም ባልዲና የዘይት ጀሪካን ሽታ ማር ውስጥ ይገባል፣ አይወጣም። ሦስት ጣት ክፍት ይተዉ፤ ጊቤ ሲወርዱ በሙቀቱ ያብጣል። የረጋውን ሲያስፈልግዎ ባልዲውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት።

ኮሮሪማ ከነቅርፊቱ ይግዙ፣ ተሰንጥቆ ጥቁር ፍሬ ያልታየበት ይሁን።  ቡና ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ይበቃል፤ ብዛት ያለው ያለ ፈቃድ ሲጓጓዝ ኬላ ላይ ይያዛል። ገበሬው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለመሸጥ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ ፍሬ ከየዛፉ ሥር እየዞረ እንደሚለቅም ያስቡና ዋጋ ሲጠራልዎ ግማሹን አይጥሩ።

ጥያቄ፦ ከካፋ በፊት በቅርብ የምንለማመድበት ዝናባማ ደን አለ? መናገሻስ?
ሦስት ጓደኛሞች፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ መናገሻ ሱባ ዝናባማ ደን አይደለም፤ ጽድና ዝግባ ያለበት ደረቅ የደጋ ደን ነው። ለጫማ መፈተኛና ለእግር ማሟሻ ግን ከእሱ የተሻለ በቅርብ የለም። ሙሉ የጀርባ ቦርሳችሁን ተሸክማችሁ አራት ሰዓት ተጓዙበት። ጉሬዛ ይኖራልና ዝም ብሎ መቀመጥንም እዚያው ልመዱ። የጫማው ስፌት የሚልጣችሁ ከሆነ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው፤ መርካቶ ደግሞ አሁንም ቅርብ ነው።